ጎረቤት ያላት ማግኔት

ናኖ ማግኔት (በናኖሜትር፣ ማለትም በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ፣ የሚለካ ጥቃቅን ማግኔት) ላይ ለመሥራት የግድ ትልቅ ላብራቶሪ አያስፈልግም። እኔ የሠራሁት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ቤቴ ሆኜ፣ በተራ ላፕቶፕ ነው። ሙማክስ3 የተባለው የማግኔት ማስሊያ ፕሮግራም የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ስለሚፈልግ ተውኩት። የአሜሪካው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ኒስት በነጻ የሚሰጠውን ሌላ ፕሮግራም፣ ኡምፍን (OOMMF)፣ ጫንኩ። ቀስ ይላል እንጂ በፕሮሰሰር ብቻ ይሠራል።

ጥያቄዬ ይህ ነበር፦ 200 ናኖሜትር ስፋት ያላቸው የፐርማሎይ (የኒኬልና የብረት ቅይጥ) ዲስኮች ጎን ለጎን ቢደረደሩ፣ የአንዷ ስፒን (የኤሌክትሮኖቿ ጥቃቅን ማግኔትነት) ሲነቃነቅ ሌላዋ ይሰማታል? ስፒን በማግኔት መስክ ዙሪያ እንደ እንዝርት ይዞራል፤ ዙሩም ቀስ በቀስ ይሞታል። ኡምፍ የሚያሰላው ይህንኑ ነው፤ እኩልታው ከላንዳውና ከሊፍሺትዝ (እ.ኤ.አ. 1935) የመጣ ነው።

ድርድሩ ላይ ዘው አላልኩም። መጀመሪያ ለኡምፍ መልሱ የታወቀ ነገር ሰጠሁት፦ ሰፊ ስስ ንጣፍ። በ0.1 ቴስላ መስክ የኪተል ቀመር (ስፒኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚነግር) 9.3 ጊጋኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 9.3 ቢሊዮን ዙር፣ ገደማ ይሰጣል፤ የኔም እዚያው አካባቢ አረፈ። ያኔ ነው ልቤ የረጋው። ኡምፍ ማግኔቱን የሚከፋፍልበትን ትንሽ ቁራጭ፣ ሴሉን፣ 5 ናኖሜትር አደረግኩት። የፐርማሎይ የልውውጥ ርዝመት (ጎረቤት ስፒኖች ተያይዘው የሚቆሙበት ርቀት) ከ6 ናኖሜትር ስለማያልፍ ከዚያ በላይ ማስፋት አያዋጣም። የስፒኑ እንቅስቃሴ ቀረጻ ደግሞ 10 ናኖሰከንድ ከሆነ 0.1 ጊጋኸርዝ የሚራራቁ ፍሪኩዌንሲዎችን ይለያል።

ጣፋጩ ነገር የመጣው ዲስኮቹን ሳቀራርብ ነው። ዲስኳ ብቻዋን ስትሆን መሃሏ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ይርገበገባል። በመስኩ አቅጣጫ ያሉት ሁለት ጠርዞቿ ግን ዝቅ ይላሉ፤ የራሷ መስክ እዚያ ላይ የውጪውን ያዳክመዋልና። በዚያው አቅጣጫ ጎረቤት ሲመጣ ድካሙን በከፊል ይክሰዋል፣ የጠርዙ ፍሪኩዌንሲም ይወጣል። መሃሏ ብዙም ግድ የላትም! ሲራራቁ ተጽዕኖው ቶሎ ይጠፋል፦ ከመሃል እስከ መሃል ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን በግምት ወደ ስምንተኛ ይወርዳል።

ሶስት በሶስት ስደረድር ሌላ ነገር ገባኝ። የመሃሏ በአራቱም በኩል ጎረቤት አላት፤ የጥጓ በሁለት በኩል ብቻ፤ ስለዚህ ፍሪኩዌንሲያቸው ይለያያል። የሁሉንም አማካይ ብቻ የሚያይ ሰው በፍሪኩዌንሲው ግራፍ ላይ የደበዘዘ ጉብታ ነው የሚያገኘው። የእያንዳንዷን ለየብቻ መዝግቡ።

የድሬ ቀን ለስሌት አይሆንም። ሲግል ፕሮሰሰሩ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ማታ አስነሱት። መብራት ቢሄድ ኡምፍ በየጊዜው የመቀጠያ ፋይል ያስቀምጣል፤ ስታስነሱት ሪስታርት 1 (-restart 1) የሚል ትእዛዝ ስጡት፣ ካቆመበት ይቀጥላል።