በረካ የጠጣው አበባ

ደሴ ውስጥ በአንድ ሆቴል አትክልተኛ ሆኜ ስሠራ እንደ ሩድቤኪያ አንገቴን ያስደፋኝ ተክል የለም። መሐሉ ጥቁር፣ ዙሪያው ቢጫ የሆነ የሰሜን አሜሪካ አበባ ነው። አንዴ ከተተከለ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ይኖራል፤ ውርጭ ቅጠሉን ቢያቃጥለውም ከሥሩ ያቆጠቁጣል። የጦሳን ተራራ ብርድ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል ብዬ ለባለቤቱ «አደይ በጥቅምት ሲረግፍ የእኛ ቢጫ ይቀጥላል» አልኳቸው። ምነው ያን ጊዜ አፌን በቆረጠው!

ዘሩን በእርጥብ አሸዋ ለውሼ አራት ሳምንት በወጥ ቤቱ ማቀዝቀዣ አቆየሁት፤ ብርድ ካልቀመሰ በደንብ አይበቅልም። በቀለም። ቅጠሉ እንደ ጎመን መሬት ላይ ተነጠፈ። መስከረም ጠባ፤ አበባ የለም። በሁለተኛው ዓመትም ያው ጎመን። ፍግ ጨመርኩ፣ ፍግ ቀነስኩ፣ ውኃ ከለከልኩ። ባለቤቱ በአጠገቡ ሲያልፉ «ጎመንህ መቼ ይቀነጠሳል?» ይሉኝ ጀመር።

ያበበው በሩ አጠገብ፣ ከዘበኛው ቤት ሥር ያለው አንድ እግር ብቻ ነበር። ሁላችንም «አያ» የምንላቸው ዘበኛ ምክንያቱን ያውቁታል፦ ማታ ማታ የጀበናቸውን አተላ የሚደፉት እዚያ ነው። «በረካውን ስለሚጠጣ ነው ልጄ» አሉኝ። ሌላ መላ ስላልነበረኝ አንድ ወር ሙሉ የወጥ ቤቱን የቡና አተላ በባልዲ እየተሸከምኩ መደቡን አጠጣሁ። ጎመኑ ወፈረ እንጂ አላበበም።

አንድ ማለዳ ከአያ ተክል ፊት ቁጢጥ ብዬ አየሁት። አበባው የተጨናነቀው በአንድ ወገን ነው፤ በግንቡ ማዕዘን የተከለለው ወገን ቅጠል ብቻ። ፀሐይ ደግሞ ለሁለቱም ትደርሳለች። ቀና ስል ሌሊቱን ሙሉ የሚበራው የዘበኛ አምፖል በቀጥታ ዓይኔ ላይ ወደቀ።

ሩድቤኪያ የሚያብበው ቀኑ ሲረዝምለት ነው፤ 14 ሰዓት ገደማ ብርሃን ይፈልጋል። ይህን በአገሩ በሰኔ ያገኘዋል። ደሴ ላይ የዓመቱ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ተክሌ አልታመመም፣ አልተራበም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የአገሩን ሰኔ ሲጠብቅ ነበር። እኔ ደግሞ አፈሩን ስወቅስ።

በመደቡ ላይ አራት አምፖል ሰቅዬ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አበራሁለት። በሦስተኛው ወር መደቡ ቢጫ ሆነ። ባለቤቱ ፎቶ ተነሡበት። ቀጥሎ የመብራት ክፍያው መጣና «ለቢጫ ከሆነ አደይ በነፃ ይመጣልናል» ብለው አምፖሎቹን አስወረዱ።

የቀረው የበሩ ተክል ነው። አያም አተላቸውን መድፋት አልተዉም። ነገሩ የአምፖሉ መሆኑን ባስረዳቸው ጊዜ ሲኒያቸውን አስቀምጠው በትዕግሥት ሰሙኝ።

«እና» አሉ፣ «ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ሲያድር ያለ ቡና ይችለዋል?»