በአንድ ቃል የፈረሰው ድልድይ

በቀረጻ ሥራ ላይ «እሺ» የምትባል ቃል መከራ ናት። «ሰምቻለሁ» ትሆናለች፣ «ዝግጁ ነኝ» ትሆናለች፣ «ጀምር»ም ትሆናለች። አንድ ቀን ለመብራት ባለሙያው «እሺ» ስለው፣ ከኋላዬ የነበረው አዲስ ልጅ ለእሱ ያልኩት መስሎት የጭስ ማሽኑን ለቀቀው። ካሜራዎቹ ገና አልተከፈቱም ነበር። ስቱዲዮው በጭስ ታፈነ፤ እኔም በልጁ ላይ ጮህኩበት።

የካሜራ ክፍል ኃላፊያችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ በሩን ከፍተው ጭሱ እስኪወጣ ስንጠብቅ አጠገቤ ተቀመጡ። «ልጁን ተወው። የሊዮኔን ድልድይ ታውቃለህ?» አሉኝ።

አላውቅም ነበር። ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1966 እ.ኤ.አ. ለእይታ ያበቃው «ጥሩው፣ መጥፎውና አስቀያሚው» የተባለው ፊልም ታሪኩ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ይሁን እንጂ አብዛኛው የተቀረጸው በስፔን ነው። በሰሜን ስፔን፣ በቡርጎስ አውራጃ፣ በአርላንዛ ወንዝ ላይ የስፔን ጦር መሐንዲሶች በፊልሙ ውስጥ የሚፈነዳ አንድ ድልድይ ሠሩ። ለካሜራ ብቻ የቆመ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ጠንካራና ከባድ ስለነበረ ለማፍረሱ ብዙ ፈንጂ ተጠመደበት። ፈንጂውን የማፈንዳቱ ኃላፊነት ለአንድ የጦሩ ሻምበል ተሰጠ። ዳይሬክተሩና ባለሙያዎቹ በአብዛኛው ጣሊያኖች፣ ወታደሮቹ ስፔናውያን፣ ዋና ተዋናዮቹ አሜሪካውያን ነበሩ፤ ትእዛዝ በዚህ ሁሉ ቋንቋ መካከል ያልፋል።

ከቀረጻው ሠራተኞች አንዱ ለባልደረባው አንዲት ቃል ተናገረ። ሻምበሉ «ጀምር» የተባለ መስሎት አፈነዳው። የስንት ቀን ድካም ወደ ሰማይ ሲበተን ካሜራዎቹ አልተዘጋጁም ነበር። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም።

ጋሼ እዚህ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሲተረክ እንደቆየው፣ ሊዮኔ በንዴት ቃሉን የተናገረውን ሠራተኛ አባረረው። ሻምበሉ ግን ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ተናግሮ፣ ያ ሰው ወደ ሥራው ከተመለሰ ድልድዩን መልሶ እንደሚሠራ ቃል ገባ። ጦሩም ሌሎች ትዕይንቶች እየተቀረጹ ሳለ ድልድዩን እንደገና ሠራው። በፊልሙ የምናየው ሁለተኛው ድልድይ ሲፈነዳ ነው። እኔን የነካኝ ግን ፍንዳታው ሳይሆን ሻምበሉ ነው። ማዕረግ ያለው ሰው፣ ዝም ቢል ማንም የማይጠይቀው፣ ስለ አንድ ሠራተኛ እንጀራ ብሎ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ።

በኋላ ስለ ፊልሙ ሳነብ ያገኘሁት ሌላ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በፊልሙ ውስጥ ያሉት የወርቅ ከረጢቶች በአካፋ ሲመቱ በቀላሉ እንዲቀደዱ አሲድ ይቀባቸው ነበር። አሲዱ የተቀመጠው ተዋናዩ ኢላይ ዎላክ ለስላሳ መጠጡን ካስቀመጠበት ጠርሙስ አጠገብ፣ በተመሳሳይ ጠርሙስ ነበር። ዎላክ አንስቶ ጠጣው። ነፍሱ ተረፈች። በሌላ ትዕይንት ደግሞ እጁ የኋሊት እንደታሰረ የተቀመጠበት ፈረስ ደንብሮ ርቆ ይዞት ጋለበ። ዎላክ ራሱ በሕይወት ታሪኩ ሊዮኔን ድንቅ ዳይሬክተር ብሎ ያወድሰውና ለተዋናዮቹ ደኅንነት ግን ቸልተኛ እንደነበር ይናገራል። የሚያምር ፊልም መሥራት ያንን ጠርሙስ ምልክት ሳያደርጉ የመተውን ጥፋት አይሽረውም። አንዲት ቁራጭ ወረቀት ብትለጠፍበት ይበቃ ነበር።

ጭሱ ወጥቶ አለቀ። ልጁ ማሽኑ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ «እሺ» ያልኩት እኔ ነኝና። ጋሼ ተከትለውኝ መጡና «የአንተ ቃል ምን ይሁን? ሌላ ማንም የማይጠራት፣ ለአንተ ብቻ የምትሆን» አሉት።

ልጁ ቀና ብሎ ትንሽ አሰበና «ጭስ» አለ።