ይሉኝታን ታይላንድ አገኘሁት

ሥልጠናው በተጀመረ በሁለተኛው ቀን አሠልጣኛችን አንድ ነገር ከለከለችን። «ተማሪዎቻችሁን ‹ገባችሁ?› ብላችሁ አትጠይቁ» አለች። እኔ የተማርኩት ግን በዚህችው ጥያቄ ነው። ደሴ እያለሁ መምህሩ ሰሌዳውን ሞልቶ ዞር ይላል። «ገባችሁ?» ሲለን ሁላችንም በአንድ ድምፅ «አዎ!» እንላለን። ያልገባውም ጭምር።

የታይላንዷ ከተማ ቺያንግ ማይ የገባሁት በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። ብዙ ዓመት ከኖርኩባት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የሆቴል ሥራዬን ለቅቄ፣ እንግሊዝኛ የማስተማር ሰርተፍኬት ልይዝ። አራት ሳምንት፣ 120 ሰዓት። በፈረንጆቹ 2024 ነው፣ የቤት ኪራይ ውሌ ላይ ግን 2567 ይላል። ታዮች በቡድሂስት አቆጣጠራቸው ከፈረንጆቹ 543 ዓመት ይቀድማሉ።

አከራዬን «ፓ» ነው የምላቸው፣ እትዬ እንደማለት። አንድ ቀን «ሶንግ ቱም» ብለው ሁለት ጣታቸውን አሳዩኝ። ለካ እራት ሊያበሉኝ ቀጥረውኛል። ፈረንጅ ስምንት ሰዓት የሚለውን እሳቸው የማታ ሁለት ሰዓት አሉት! ከምሽቱ አንድ ጀምረው ልክ እንደኛ ነው የሚቆጥሩት። የዚያን ማታ እናቴ ጋ ደውዬ ሌላ ወሬ አልነበረኝም።

ልምምዱ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ጫማ በር ላይ ተደርድሯል። ስገባ 38 ልጆች ብድግ ብለው «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር» አሉ፣ በዜማ። የልጅነቴ ዜማ ነው፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ትምህርቱ ስለ ስፖርትና ስለ መጓጓዣ ነበር። የታይ ቋንቋ ቃልን በ«ል» ወይም በ«ስ» አይጨርስም። ስለዚህ «ፉትቦል» «ፉትቦን» ይሆናል፣ «ባስ» ደግሞ «ባት»። ከፊት የተቀመጠ አንድ ዝምተኛ ልጅ ደጋግሞ ሞክሮ ሞክሮ «ፉትቦል» አለ፣ ጥርት አድርጎ። ደስ አለኝና ራሱን ዳበስ አድርጌ «እደግ!» አልኩት። አያቴ እንደምታደርገው።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጁ አልሸሸም፣ ፈገግ ብሎ አቀረቀረ።

ከክፍል ስንወጣ የምታግዘኝ ታይ መምህርት በበረዶ የቀዘቀዘ ሻይ ገዛችልኝ። ስለ ዝናቡ አወራችኝ። ስለ አባቷ አወራችኝ። ሻዩ ሊያልቅ ሲል ነው ነገሩን ያመጣችው። የሰው ራስ ክቡር ነው፣ የሰው መንፈስ፣ እነሱ «ክዋን» የሚሉት፣ እዚያ ነው የሚያድረው፤ ስለዚህ በእጅ ባይነካ ይመረጣል። ልጁ ግን ምንም እንደማይል ነገረችኝ። «ክሬንግ ጃይ» አለች። ሌላውን ላለማስቸገር፣ ላለማሳፈር ብሎ የራስን መዋጥ።

ይሉኝታ! ቃሉን በአማርኛ ነገርኳት፣ ደጋግማ አለችው።

የአሠልጣኛችን ክልከላ የገባኝ ያኔ ነው። እነዚህ ልጆች «አዎ» የሚሉኝ ስለገባቸው አልነበረም፣ እንዳላፍር ብለው ነው። በማግስቱ ጥያቄዬን ለወጥኩ። «ለብቻ ነው ወይስ ሁለት ሁለት ሆናችሁ?» እላለሁ። «መጀመሪያ መስማት ነው መጻፍ?» እላለሁ። መልሱን በጣት እንዲያሳዩኝ አደረግሁ። ግማሹ ክፍል ሁለት ጣት፣ ግማሹ አንድ ጣት። ትናንት እኮ ሁሉም «ዬስ ቲቸር» ብለውኝ ነበር! ከዚያ በኋላ ቀስ አልኩ። ትንሽ እያወራሁ፣ ብዙ እያሳየሁ።

ሰኔ ላይ፣ አንድ ሐሙስ ቀን፣ «ዋይ ክሩ» መጣ፤ ተማሪዎች መምህራኖቻቸውን የሚያመሰግኑበት በዓል። እኔንም ከመምህራኑ ረድፍ ጫፍ ላይ አስቀመጡኝ። ልጆቹ በጉልበታቸው እየዳኹ፣ በሙዝ ቅጠል የተሠራ የአበባ ጌጥ ይዘው ይመጣሉ። ከአበባው መሀል ሣር አለ። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ሰርዶ ነው! ሰው ቢረግጠውም ስለማይሞት የትዕግሥት ምልክት አድርገውታል፣ የተማሪ ጽናት።

ያ ልጅ ተራው ደርሶ ፊቴ ተደፋ። እጄ ወደ ራሱ ሊሄድ ቃጣው። መለስኩትና ሁለቱን መዳፎቼን ደረቴ ላይ ገጠምኩ።

«እደግ» አልኩት፣ በአማርኛ፣ ቀስ ብዬ።