ሳውንድ ካርዱ ሲንተባተብ፦ የደሴ የቤት ስቱዲዮ የልምድ ማስታወሻ

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በቤቱ ማሲንቆ፣ ክራር ወይም መንዙማ የሚቀዳ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚያነሳው ጥያቄ አለ፦ «ድምፁ ይቆራረጣል፤ በፈሩን ስንት ላድርገው?» በፈር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ድምፁን ለአፍታ የሚያጠራቅምበት ቋት፣ የመጨረሻው መልስ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ከፍ ሲደረግ መንተባተቡን ይሸፍነዋል፤ ከየት እንደመጣ ግን አይናገርም። መብራት ሄዶ ላፕቶፑ በባትሪ ሲቀጥል ያው ችግር ተመልሶ ከች ይላል። ከዚህ በታች ያለው እስካሁን በሙከራ የተለየው ነው። ሜኑዎቹ የዊንዶውስ 10 እና 11 ናቸው።

መጀመሪያ ማዳመጥ

ለፍተሻ ድቤ አትምቱ። የድቤ ምት ራሱ «ጧ» ስለሚል ትንንሽ መቆራረጦችን ይውጣቸዋል። ይልቅ ማሲንቆ ላይ አንድ ድምፅ በረጅሙ ሳቡ፤ አምባሰልን በዝግታ የሚጫወት ሰው እንደሚስበው። በዚያ ድምፅ ላይ የአንድ ሚሊ ሰከንድ ክፍተት እንኳ እንደ እሾህ ይሰማል። አምስት ደቂቃ ያህል ቅዱና «ጠቅ» ያለበትን ደቂቃና ሰከንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ይህ ወረቀት ከማንኛውም ሶፍትዌር በላይ ጠቅሟል።

ጠቅታው እኩል ጊዜ እየጠበቀ ከመጣ ሁለት ሰዓቶች እየተጣሉ ነው። ማይኩ በዩኤስቢ በሚሰካው ሳውንድ ካርድ ገብቶ ድምፁ በላፕቶፑ የራሱ ስፒከር እንዲወጣ ሲደረግ፣ ሁለቱ ዕቃዎች እያንዳንዳቸው ሰዓቱን የሚመታ የራሳቸው ክሪስታል አላቸው። በሚሊዮን 50 ብቻ ቢለያዩ በ48,000 ሳምፕል ሬት (በሰከንድ 48,000 የድምፅ ናሙና) በየሰከንዱ 2.4 ሳምፕል ይከማቻል ወይም ይጎድላል። 256 ሳምፕል ያለው በፈር በ107 ሰከንድ ገደማ ይሞላል ወይም ባዶ ይሆናል፤ ያኔ አንድ «ጠቅ»። መድኃኒቱ መግቢያውንም መውጫውንም በአንዱ ሳውንድ ካርድ ማድረግ ብቻ ነው። ኤሲዮፎርኦል የሚባለውን ነፃ የድምፅ ድራይቨር የሚጠቀሙ ሰዎች ሳያውቁት ሁለቱን ዕቃዎች አብረው ያበራሉ፤ የመፍቻ ምልክቷን ከፍታችሁ የላፕቶፑን ድምፅ አጥፉ።

ያለ ሥርዓት፣ አንዳንዴ ሦስት በተከታታይ አንዳንዴ ለሁለት ደቂቃ ዝም የሚል ከሆነ ጥፋቱ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር) ላይ ወይም ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። ድምፁ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ዊንዶውስ ዕቃ ሲነቀል የሚያሰማውን ድምፅ ካሰማ ኬብል ወይም ኃይል ነው። ሳይቆራረጥ ቅኝቱ ብቻ ወጣ ወይም ወረደ ካለ ደግሞ ፋይሉ በ44,100 ሆኖ ካርዱ በ48,000 ወይም በተቃራኒው እየሠራ ነው፤ ልዩነቱ አንድ ተኩል ሴሚቶን ገደማ ስለሆነ ማሲንቆው የተበላሸ ይመስላል። ባቲን ቃኝቶ የመጣን ተጫዋች እንደገና አስቃኝቶ ማድከም ከዚህ የመጣ ስህተት ነው።

የማያቋርጥ «ኡምምም» የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ያ የ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ነው፤ ቻርጀሩን ስትነቅሉ ከጠፋ ጉዳዩ የመሬት መስመር ነው።

ከጆሮ በኋላ ሁለት ፈጣን ሙከራዎች አሉ። ሳውንድ ካርዱ ላይ ዳይሬክት ሞኒተር የሚል ቁልፍ ካለ አብሩና በሄድፎን ስሙ። ይህ ድምፅ በኮምፒውተሩ ውስጥ አያልፍም። እዚያም «ጠቅ» ካለ ላፕቶፑን ለቀቅ አድርጉት፤ ጥፋቱ ማይኩ፣ የማይኩ ገመድ ወይም ኤሌክትሪኩ ነው። ሁለተኛው፦ የተቀዳውን ፋይል ሦስት ጊዜ አጫውቱ። ጠቅታው ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ከሆነ ሲቀዳ ገብቷል፤ ቦታ ከቀያየረ ቀረጻው ደህና ነው፣ ሲጫወት ብቻ ነው የሚቆራረጠው። ይህን ሳይለዩ ጥሩ ቀረጻ ደምስሶ ዘፋኙን መልሶ ማስዘፈን ግፍ ነው።

መብራትና ባትሪ

እዚህ አካባቢ ብዙው ችግር የተገኘው እዚህ ላይ ነው። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ አይጠፋም፤ ግን ወደ ባትሪ ሲዞር ፕሮሰሰሩን ቀስ ያደርገዋል፣ የዩኤስቢ ፖርቱንም ለማስተኛት ይሞክራል። ቀረጻው የቀጠለ ይመስላል፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ያለው ግን ይንተባተባል።

ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ ቼንጅ ፕላን ሴቲንግስ፣ ከዚያ ቼንጅ አድቫንስድ ፓወር ሴቲንግስ ግቡ። ዩኤስቢ ሰለክቲቭ ሰስፔንድ የሚለውን ዲሴብልድ አድርጉ፤ «ፕለግድ ኢን» ላይ ብቻ ሳይሆን «ኦን ባተሪ» ላይም። ብዙ ሰው የሚስተው ሁለተኛውን ነው። ፕሮሰሰር ፓወር ማኔጅመንት ውስጥ ሚኒመሙን 100 በመቶ አድርጉት፤ በባትሪ በኩልም እንዲሁ። ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ለአንድ ቀረጻ ግን ይበቃል። ዊንዶውስ 11 ላይ ይህ ሁሉ ካልታየ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ፓወር ውስጥ ፓወር ሞድን ቤስት ፐርፎርማንስ አድርጉ። ቀጥሎ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ በእያንዳንዱ ዩኤስቢ ሩት ሃብ ላይ ፓወር ማኔጅመንት የሚለውን ከፍታችሁ ኮምፒውተሩ ዕቃውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ።

ሌላው ቻርጀር ነው። ኮፒ ቻርጀር ባትሪውን እየሞላም ላፕቶፑ ላያውቀው ይችላል። አንዳንድ ላፕቶፖች የቻርጀሩን ማንነት የሚያነቡት በጫፉ መሃል ባለች ቀጭን ፒን ነው፤ ፒኗ ከተሰበረች ወይም ቻርጀሩ መረጃውን ካልሰጠ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ታስክ ማናጀር፣ ፐርፎርማንስ፣ ሲፒዩ ላይ «ስፒድ» የሚለውን እዩ። ሥራ በዝቶበትም ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ከቀረ በፈር አያድነውም፤ ቻርጀር ቀይሩ።

ይኸው «ስፒድ» ሙቀትንም ያሳያል። ሲጀመር ከፍ ብሎ ከ20 ደቂቃ በኋላ ከወረደ ላፕቶፑ ግሏል። ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ሞቃት ስለሆነች ይህ ይጠበቃል፤ ደሴ ብርድ ናት ብላችሁ ግን አትዘናጉ። በ2,500 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በ20 በመቶ ገደማ ስለሚሳሳ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። በዚያ ላይ ክፍሉ እንዳያስተጋባ ብርድ ልብስ እናነጥፋለን፤ ላፕቶፑ እዚያው ብርድ ልብስ ላይ ይቀመጥና ከሥር ያለው የአየር መግቢያ ይታፈናል። ሁለት መጽሐፍ ከሥሩ ማድረግ ይበቃል። አቧራውን ግን በዓመት አንዴ አስከፍታችሁ አስጠርጉ።

ኬብል

ብዙ ሳውንድ ካርዶች የሚጠቀሙበት የፕሪንተር ኬብል የምንለው ነው። ገመዱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ለኃይል የሚሄዱት ሽቦዎች 28 ቁጥር (AWG፤ ቁጥሩ ሲበዛ ሽቦው ይቀጥናል) ከሆኑ እያንዳንዱ ሜትር 0.213 ኦም ገደማ ይቃወማል። የ3 ሜትር ገመድ ሄዶ መመለሻው 6 ሜትር ነው፣ ማለትም 1.28 ኦም፤ ካርዱ 0.5 አምፔር ሲስብ 0.64 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፣ 5 ቮልቱ 4.36 ይሆናል። 24 ቁጥር ሽቦ ያለው ተመሳሳይ ርዝመት ግን 0.25 ቮልት ብቻ ያጠፋል። ባለ 28 ቁጥሩን ወደ 1 ሜትር ማሳጠርም ወደዚያው ያደርሳል። ይህ ልዩነት የሚታየው ለኮንደንሰር ማይክ የሚሰጠው ፋንተም ፓወር ሲበራ ነው፤ 48 ቮልቱ የሚመረተው ከዚያችው 5 ቮልት ስለሆነ ካርዱ ብዙ ይስባል። ዳይናሚክ ማይክ ላይ ደህና ሆኖ ኮንደንሰር ሲሰካ የሚንተባተብ ካርድ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት በኬብሉ ነው።

ሃብ (አንዱን ፖርት ለብዙ ዕቃ የሚያካፍለውን) አትጠቀሙ። የራሱ ኃይል የሌለው ሃብ ከዩኤስቢ 2 ፖርት የሚያገኘውን 500 ሚሊ አምፔር ለሁሉም ያካፍላል። የምትቀዱበትን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክም በሌላው ጎን ፖርት ስኩት። የዩኤስቢ ድምፅ የሚሄደው ተበላሽቶ ቢደርስ እንደገና በማይላክበት መንገድ ነው፤ ፋይል ሲገለበጥ የጠፋው ተመልሶ ይላካል፣ ድምፅ ግን ካለፈ አለፈ። ፍላሽ በዚያው ኬብል በደንብ መሥራቱ ለሳውንድ ካርድ ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ድራይቨር

የትኛው ድራይቨር ፕሮሰሰሩን እንደሚይዝ የሚያሳየውን ላተንሲሞን የሚባል ነፃ ፕሮግራም 10 ደቂቃ አስኪዱና ድራይቨርስ የሚለው ገጽ ላይ ከላይ የወጣውን ስም እዩ። በ48,000 ሳምፕል ሬት 128 ሳምፕል 2,667 ማይክሮ ሰከንድ ነው። አንድ ድራይቨር ፕሮሰሰሩን ለ3,000 ማይክሮ ሰከንድ ከያዘው ያ በፈር በጊዜ አይደርስም፤ ላፕቶፑ ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን። ስሙ ኤንዲአይኤስ ከሆነ ኔትወርክ ነው፤ ስትቀዱ ዋይፋዩን ከታች ካለው ምልክት ሳይሆን ከዲቫይስ ማናጀር ዲሴብል አድርጉት። ስቶርፖርት ከሆነ ዲስክ ነው።

ኤሲፒአይ ከሆነ ብዙ ጊዜ የባትሪ መጠየቂያው ነው። ዲቫይስ ማናጀር፣ ባተሪስ ውስጥ ኮንትሮል ሜተድ ባተሪ የሚለውን ዲሴብል ማድረግ ያስቆመዋል። ይህ ምክር መብራት በማይሄድበት አገር የተጻፈ ነው ማለት ይቻላል፦ መጠየቂያው ከጠፋ በኋላ ዊንዶውስ ባትሪው ስንት እንደቀረው አያውቅም፣ መብራት ሄዶ ባትሪው ሲያልቅም ሳያስጠነቅቅ ድርግም ይላል። ካደረጋችሁት በየዘፈኑ መሃል ሴቭ አድርጉ፤ ስትጨርሱም መልሳችሁ ኢኔብል አድርጉት።

አሁን በፈር

እዚህ ደርሶ ንጹሕ ከሆነ፣ ለቀረጻ 128 ወይም 256፣ ለሚክስ 1,024። በ48,000 ላይ 256 ማለት 5.3 ሚሊ ሰከንድ፣ 1,024 ማለት 21.3 ነው፤ ይህ የአንድ ጉዞ ብቻ ነው፣ መግቢያና መውጫው ሲደመር እጥፍ ይሆናል፣ የካርዱ የራሱም ይጨመርበታል። አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው 128 ላይ ሙጭጭ ማለት የለበትም። 512 ላይ አድርጎ ዘፋኙ ራሱን በዳይሬክት ሞኒተር ይስማ፤ መዘግየቱ አይሰማውም። ሪቨርብ በሄድፎኑ አይኖርም፣ አንዳንድ ዘፋኝ ይህን አይወደውም፤ ከመንተባተብ ግን ይሻላል።

አንድ ነገር ብቻ በአንድ ጊዜ ቀይሩ፤ ከዚያ ያችኑ የማሲንቆ ድምፅ እንደገና ቅዱ። አምስት ነገር ባንዴ ቀይሮ የዳነ ሰው የትኛው እንዳዳነው ስለማያውቅ፣ ዊንዶውስ ራሱን አፕዴት ሲያደርግ ከዜሮ ይጀምራል።

ያልተፈታ

ስታቢላይዘር። ቮልቴጁ ሲወርድ ውስጡ ያለው ሪሌ «ጠቅ» ብሎ ይቀይራል፤ ያች ጠቅታ ዳይሬክት ሞኒተር ላይም ትሰማለች፣ ስለዚህ ከላይ የተጻፈው ሁሉ አይነካትም። በራሱ አዳፕተር የሚሠራ ካርድ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ጠፍቶ ሊበራ ይችላል። ካርዱን በዩኤስቢ ኃይል፣ ላፕቶፑን በባትሪ፣ ዲቫይደሩን ከግድግዳው ነቅሎ መቅዳት ዝም ያሰኛታል። ሞኒተር ስፒከር ግን በባትሪ አይሠራምና ለሚክስ መፍትሔ አይሆንም። ቀጣዩ ሙከራ ስታቢላይዘሩን ወደ ሌላ ክፍል ወስዶ በረጅም ገመድ ማገናኘት ነው፤ ጠቅታዋ በአየር ነው ወይስ በሽቦ የምትመጣው የሚለው ያኔ ይለያል።