ማኪንቶሽ ፕላስ የውጭ ሃርድ ዲስኩን አላይ ሲል

እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ማኪንቶሽ ፕላስ ስካዚ (ሃርድ ዲስክንና ሌሎች መሣሪያዎችን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ መስመር) መሰኪያ ያለው የመጀመሪያው ማክ ነው። ውስጡ ሃርድ ዲስክ የለውም፤ የውጭው ካልታየው ስክሪኑ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ፍሎፒ ብልጭ ድርግም ሲል ይቀራል። የጠገንኩት ዲስክ ይሽከረከራል፣ መብራቱም ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም።

ቀላል ቀላሉን አስቀደምኩ። ዲስኩን መጀመሪያ አብርቼ፣ ድምፁ እስኪረጋ 15 ሰከንድ ያህል ጠብቄ ኮምፒውተሩን አስነሳሁ። ጃምፐሮቹ (ሁለት ፒኖችን የሚያገናኙ ትንንሽ መሰኪያዎች) 1 እና 4 ላይ ስለነበሩ፣ ሲደመሩ፣ የዲስኩ የስካዚ ቁጥር 5 ነው፤ ይህም ደህና ነው። 7 የኮምፒውተሩ የራሱ ስለሆነ ለዲስክ አይሰጥም። ገመዱም የስካዚ መሆኑን አረጋገጥኩ፤ ባለ 25 ፒን የፕሪንተር ገመድ መሰኪያው ውስጥ ልክ ይገባል፣ የሽቦው አደራደር ግን ሌላ ስለሆነ በፍጹም እንዳትሞክሩት። ከዚያ የማኩን ስርዓተ ክወና ሲስተም 6.0.8ን ከ800 ኪሎባይት ፍሎፒ አስነስቼ፣ በመስመሩ ላይ ያሉትን መሣሪያዎች በሚዘረዝረው ፕሮግራም በስካዚፕሮብ ፈተሽኩ። ከ0 እስከ 6 ሁሉም ባዶ።

ሁሉንም አጥፍቼ ሳጥኑን ከፈትኩ። ዲስኩ ላይ የሚሰኩት የተርሚኔተር (በመስመሩ ጫፍ ሆኖ ሲግናሉ ተንጸባርቆ እንዳይመለስ የሚያደርግ) ሬዚስተሮች ተነቅለዋል። ይህ ትክክል ነው፤ ከኋላ የውጭ ተርሚኔተር ተሰክቷልና ሁለቱ አብረው መኖር የለባቸውም። ግን ያ ተርሚኔተር 5 ቮልቱን ከየት ያገኛል? ኤስኢን የመሰሉት ተከታይ ማኮች በገመዱ ይልኩለታል፣ ፕላስ አይልክም። ስለዚህ መስጠት ያለበት ዲስኩ ነው። ዲስኩን ብቻውን አብርቼ በባለ 50 ፒኑ ሴንትሮኒክስ መሰኪያ 38ኛ ፒን (በውስጠኛው ጠፍጣፋ ገመድ 26ኛው ሽቦ) ላይ ስለካ መልቲሜትሩ 0.1 ቮልት አለ። ከ4.25 እስከ 5.25 መሆን ነበረበት።

ተርሚኔተሩ ውስጥ እያንዳንዱ የሲግናል መስመር በ220 ኦም ወደ 5 ቮልቱ፣ በ330 ኦም ወደ ግራውንድ ይያያዛል። ማንም ሳይነካው መስመሩ 3 ቮልት አካባቢ ያርፋል። 5 ቮልቱ ሲጠፋ 330ው ብቻውን ወደ ዜሮ ይጎትተዋል። በስካዚ ደግሞ ዝቅ ያለ መስመር የተጫነ ቁልፍ ማለት ነው፦ «ተይዟል» የሚለውም፣ «እንደገና ጀምር» የሚለውም መስመር እንደተጫኑ ይቀራሉ። ጤነኛ ዲስክ አፉ ተይዞ ይቀመጣል ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው «ሞቷል» ብሎ ይጥለዋል፤ ያሳዝናል።

ቦርዱ ላይ ለተርሚኔተር ኃይል የተመደቡት ሁለት ፒኖች ባዶ ነበሩ። አንድ 2.54 ሚሊሜትር ጃምፐር ሰካሁና 4.6 ቮልት አነበብኩ፤ ስካዚፕሮብም ዲስኩን 5 ላይ አሳየኝ። ጃምፐሩ ኖሮ ቮልት ከሌለ በዚያው መስመር ላይ ያለውን ፊውዝና ዳዮድ ፈትሹ።

አንድ እንቅፋት ቀረ፦ የአፕል የዲስክ ማዘጋጃ ፕሮግራም ኤችዲ ኤስሲ ሴትአፕ፣ የአፕል ፈርምዌር (በዲስኩ ቺፕ ውስጥ የተጫነ ፕሮግራም) የሌለውን ዲስክ አይቀበልም። መረጃ ስላልነበረበት ሊዶ 7 በሚባል ሌላ ፕሮግራም ፎርማት አደረግኩት። ሲስተም 6 ከ2 ጊጋባይት የሚበልጥ ክፍል አይይዝም፤ ዲስኩ ትልቅ ከሆነ ከፋፍሉት።