የቻይናን ፊደል እንደ ሥዕል ስሥል የባከነው ጊዜዬ

ቻይንኛ ልትጀምሩ ካሰባችሁ ከመጀመሪያው ሳምንት በፊት ይህን አንብቡ፤ ነገሩ የፊደሉ ጭረቶች፣ ማለትም መስመሮቹ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚጻፉ ነው። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ቁጭቱም እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ወደ ናንጂንግ የሄድኩት ለትምህርት ሲሆን የመጀመሪያው ዓመት የቋንቋ ዝግጅት ነበር። ቪዛው፣ ማደሪያው፣ አራቱ የድምፅ ቃናዎች ሁሉም በጊዜያቸው አለፉ። ፊደሉም የገባኝ መስሎኝ ነበር። ማታ ማታ መጽሐፉን ከፍቼ፣ በየሳጥኑ የነጠብጣብ መስቀል ባለበት ደብተር ላይ ያየሁትን እገለብጣለሁ። ከታች ልጀምር ከላይ፣ ከቀኝ ልነሳ ከግራ፣ ግድ አልነበረኝም፤ ያለቀው ፊደል መጽሐፉ ላይ ያለውን ይመስል ነበርና። መምህራችንም ደብተሩን ሰብስባ ቀይ ምልክት አድርጋበት ትመልሳለች። አንድም ቀን አጠገቤ ቆማ ብዕሬ በየት በኩል እንደሚሄድ አላየችም። 600 ያህል ፊደል በዚህ ዓይነት እጄ ላይ ሰፈረ።

በሁለተኛው መንፈቅ አዲሷ መምህር «ጉዎ» የሚለውን፣ አገር ማለት ነው፣ ሰሌዳ ላይ እንድጽፍ ጠራችኝ። ውጪውን ሳጥን እንደ እኛ «ዐ» በአንድ ዙር ገጠምኩትና ውስጡን ሞላሁ። ምንም ሳትናገር አጠፋችውና ጠመኔውን ወሰደች። የግራውን ቋሚ ጭረት አወረደች፤ ከላይ ተነስታ ወደ ቀኝ ሄዳ፣ ጠመኔውን ሳታነሳ ታጥፋ ወረደች፤ የውስጡን አምስት ጭረቶች ጻፈች፤ በመጨረሻ የታችኛውን አግዳሚ ስባ ሳጥኑን ዘጋች። ስምንት ጭረት። «መጀመሪያ ሰው ይገባል፣ ከዚያ በር ይዘጋል» አለችኝ። የቻይና ሕፃናት የሚማሩበት አባባል ነው።

ያን ቀን የተሰማኝ እፍረት ብቻ ነበር፤ የጉዳቱ ልክ የገባኝ ብስክሌቴን ለጠጋኝ ሰጥቼ ደረሰኝ ስቀበል ነው። በእጅ የተጻፉት አራት ፊደላት «ነገ ከሰዓት በኋላ» ይሉ ነበር። አራቱንም አውቃቸዋለሁ፤ ግን ማንበብ አልቻልኩም። ቻይናውያን ፈጥነው ሲጽፉ ጭረቶቹን ያያይዟቸዋል፤ የአንዱ ጭረት መጨረሻ ወደ ቀጣዩ መጀመሪያ ይሳባል። ቅደም ተከተሉን የማያውቅ ሰው የብዕሩን መንገድ መከተል አይችልም፤ የሚያየው የተጠላለፈ ክር ነው። በኮምፒውተር የሚሰጠው የቻይንኛ ፈተና የእጅ ጽሕፈት ስለማይጠይቅ «ቅደም ተከተሉ አያስፈልጋችሁም» የሚሏችሁን አትስሙ። ፈተናው ያልቃል፤ ደረሰኙ፣ የሐኪሙ ማስታወሻ፣ የአስተማሪው ሰሌዳ ግን አያልቁም።

እጅ የለመደውን ማስረሳት ከመማር እጅግ ይከብዳል። የተመከርኩት እያንዳንዱን ፊደል 30 ጊዜ እንድጽፍ ነበር። አደረግሁት፤ ከንቱ ድካም ነው። ከአሥረኛው በኋላ ዓይን የላይኛውን መስመር ይገለብጣል፣ አእምሮ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ በቃል ጽሕፈት ሰዓት ስቸኩል እጄ ወደ አሮጌው መንገድ ይመለሳል። የጠቀመኝ ሌላ ነው። ሙሉ ፊደላቱን ትቼ ደጋግመው የሚመጡትን ክፍሎች ብቻ ያዝኩ፤ አፍ፣ ሴት፣ በር፣ ልብ፣ እጅ። ክንዴን ዘርግቼ አየር ላይ በጣቴ እየጻፍኩ የጭረቶቹን ስም ጮክ ብዬ እጠራለሁ፤ አግዳሚው «ሄንግ»፣ ቋሚው «ሹ»፣ ወደ ግራ የሚወርደው «ፒየ»፣ ወደ ቀኝ የሚወርደው «ና»። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ሦስት ወር ፈጀብኝ።

ልዩ ሁኔታዎችን እየለቀማችሁ ግን አትጨነቁ። ቻይና ከ2021 ጀምሮ የ8105 ፊደላትን ቅደም ተከተል በይፋዊ ደንብ ወስናለች፤ ቢሆንም «የግድ» የሚለውን «ቢ» ብትወስዱ፣ በውስጡ ያለውን «ልብ» የሚባለውን ክፍል የሚያቋርጠው ረጅም ጭረት በቻይና ደንብ አራተኛ፣ በጃፓን ሁለተኛ ነው። እንዲህ ያለውን በኋላ ትደርሱበታላችሁ። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አግዳሚው ከቋሚው በፊት፣ በሩ በመጨረሻ፤ እነዚህን በመጀመሪያው ሳምንት ያዙ፤ መምህራችሁንም አጠገባችሁ ቆማ ብዕራችሁን እንድታይ ለምኑ። እንቢ ካለች የክፍል ጓደኛ ለምኑ።

የመጀመሪያዎቹን አራት ደብተሮች አልጣልኳቸውም። ዛሬም ሲደክመኝ «ጉዎ»ን ስጽፍ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ ሳለ ሳጥኑን የምዘጋበት ጊዜ አለ።