አባትየው ምን በደሉ?

ትናንት ከሰዓት በኋላ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እኔ ከቤተ መጻሕፍታችን የካርድ መሳቢያ አንድ ደራሲ ስፈልግ ዋልኩ። አበበ ከበደ እንበለው። በ«አ» ሥር የለም። ለካ አንድ የቀድሞ ባልደረባ «ከበደ፣ አበበ» ብሎ «ከ» ውስጥ ሸጉጦታል! መጽሐፉን የጻፈው ልጁ፣ የተጠራው አባት።

ሰበቡ «የፈረንጅ ደንብ ነው» የሚል ነው። አይደለም። በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው የአንግሎ አሜሪካ የካታሎግ ደንብ፣ የቤተሰብ ስም የሌለውን ሰው በራሱ ስም አስገቡት ይላል። በ2010 እ.ኤ.አ. የመጣው ተተኪው አርዲኤም ይህንን አልሻረም። ወልደ ማርያምን ለሁለት ቆርጦ «ማርያም፣ ወልደ» ያለ ካርድም አግኝቻለሁ፤ እሱን እንኳ ሳቅሁበት።

ዘመኑም ጣጣ አለው። መጽሐፉ 1970 ዓ.ም. ካለ እንዳለ ይጻፋል፤ ቀጥሎ በማዕዘን ቅንፍ የፈረንጁ ዓመት [1977 ወይም 1978]። ወሩ ካልታወቀ በአንዱ መማል አይቻልም፤ ዓመታችን መስከረም ላይ ይገባልና።

እስከ ማታ 43 ካርድ አስተካከልኩ። ቡናዬ ቀዝቅዞ ቀረ። የ«ወ» መሳቢያ ገና አልተነካም፤ ወልደና ወለተ ሞልተውበታል።